መልስ፦ ጥናቱ ከመደርደሪያ እንዴት ይውረድ?

ኮምቦልቻ የምታስተምረው ወንድሜ፣ «በየዓመቱ የምንጽፈው ተግባራዊ ምርምር ፋይል ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ምን ይጠቅማል?» ብለሃል። እውነትህን ነው፤ መምህር በራሱ ክፍል ችግር ላይ የሚያደርገው ይህ ጥናት ለሲፒዲ (ለመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አቧራ ነው የሚለብሰው።

ግን ጥናት መንገድ ያስቀየረበት ጊዜም አለ። በ2002 ዓ.ም. የተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከምንባቡ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። ከዚያ በኋላ ነው የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት በ7 ቋንቋዎች እንደ አዲስ የተዘጋጁት።

እኔ ደሴ ሳስተምር ጥያቄዬን አጠበብኩት፦ ልጆቹ የትኞቹን ፊደላት ነው የሚያምታቱት? እያንዳንዱን ልጅ አንድ ደቂቃ አስነብቤ መዘገብኩ። ካዕብና ሣልስ ነበር ችግሩ። ውጤቱን በአንድ ገጽ ለባልደረቦቼ ሰጠሁ፤ 30 ገጹን ማን ያነባል! 60 ልጅ ካለህ ግን በአንድ ቀን አትሞክረው፤ በተራ አድርገው።