ጎልፍ ካርትህ ሲንቀጠቀጥ መሪውን ከማስቀየርህ በፊት ምቱን ቁጠር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለ 48 ቮልት ያገለገለ ጎልፍ ካርት ገዝተሃል። ከአንተ በፊት አንድ ዓመት ገደማ ቆሞ ነበር። ቀስ ብለህ ስትነዳው ከፊት በኩል ድብ ድብ የሚል ነገር ይሰማሃል፣ ወደ 18 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጠጋ ደግሞ መሪው እጅህ ላይ ይርገበገባል፣ ወለሉም ይንቀጠቀጣል። መካኒኩ ቴስቲናውም (መሪውን ከፊት ጎማ ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ) መሪውም በሙሉ ይቀየር ብሎሃል። እባክህ ገና ምንም እንዳትቀይር። እኔም እዚህ ውስጥ ገብቼ አይቼዋለሁ፣ ያወጣሁት ገንዘብም አልተመለሰልኝም።

የእኔ ባለ 4 ሰው ካርት ነበር። መሪው ሲርገበገብ ሁለቱንም ቴስቲና አስቀየርኩ። ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ሆነ። ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ከዚያ ተመልሶ መጣ፣ እንዲያውም ብሶበት። በኋላ እነዚህን ካርቶች ሲጠግኑ ብዙ ዓመት የቆዩ አንድ አባት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «የፊቱን ጎማ ከኋላው አቀያይረህ አይተኸዋል?» አላየሁትም። እዚያው ቆመን አቀያየርነው። ስነዳው መሪው ጸጥ አለ፣ መንቀጥቀጡ ግን ወደ መቀመጫዬ መጣ። ጥፋተኛው የፊት ግራ ጎማ ነበር። ብዙ ጊዜ ቆሞ አንድ ቦታው ጠፍጣፋ ሆኖ ቀርቷል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

ከዚያ የተማርኩት ይህንን ነው። እንዲህ ያለ ችግር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥፋተኛ አለ። አንዱ መንቀጥቀጡን የሚፈጥረው ነው፦ ጎማ፣ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት)፣ የተጣመመ አክስል (የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዘንግ)። ሌላው የላላ ነገር ነው፦ ቴስቲና፣ ቦኮላ (መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገባ ቀለበት)፣ ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው)። እሱ ራሱ አይፈጥርም፣ ግን የተፈጠረውን አጉልቶ ወደ እጅህ ያደርሰዋል። የላላውን ብቻ ስትቀይር መንቀጥቀጡ ለጊዜው ይታፈናል፣ ምንጩ ግን እዚያው ስላለ አዲሱን ዕቃ መምታቱን ይቀጥላል። ለዚህ ነው የእኔ ቴስቲና ሁለት ሳምንት ብቻ የቆየው።

ስለዚህ መጀመሪያ ምቱን ቁጠር። የተለመደው የካርት ጎማ ከዳር እስከ ዳር 18 ኢንች ነው፣ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ። አንድ ዙር ሲዞር 1.44 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትነዳ ጎማው በሰከንድ 2 ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው፣ በ20 ደግሞ 4 ጊዜ ገደማ። ይህ በእጅህ የሚቆጠር ምት ነው። ሞተሩ ግን ሌላ ነው። ብዙ ኤሌክትሪክ ካርቶች ላይ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ 12 ጊዜ ያህል ስለሚዞር በ20 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ ወደ 50 ዙር ይጠጋል። ያ አይቆጠርም፣ እግርህን እንደሚነዝር ነገር ሆኖ ነው የሚሰማህ። ድብ ድብ ካለህ ወደ ጎማ ሂድ። ከነዘረህ ወደ ሞተር። አንተ የጻፍከው ድብ ድብ ስለሆነ የእኔ ጥርጣሬ ጎማው ላይ ነው። አንድ ዓመት መቆሙም ያንኑ ይመሰክራል።

አሁን ጎማዎቹን ተመልከት። በመጀመሪያ ንፋሱን፣ ሳትነዳው ቀዝቅዞ እያለ ለካ። ብዙ ካርቶች ከ18 እስከ 22 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው የሚፈልጉት። እኔ 20 ላይ ነው የማደርገው። ብዙ ሰው እንደ መኪና ጎማ ከ30 በላይ ይሞላውና ካርቱ ትንሿን ጠጠር ሁሉ እየመታ ይነጥራል። ከዚያ እጅህን ዙሪያውን አሂድበት። ጠፍጣፋ ቦታ፣ እብጠት፣ በአንድ በኩል ብቻ የተበላ ካለ በእጅህ ይታወቅሃል። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 ቁጥሮች አንብብ። 2316 ካለ በ2016 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጎማው ካረጀና ከተሰነጣጠቀ አትመነው። ጠፍጣፋነቱ አዲስ ከሆነ ትንሽ ሲነዳና ሲሞቅ ሊመለስ ይችላል። አንድ ዓመት ባለበት የቆመ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ቀጥሎ ያቺን ነፃ ሙከራ አድርግ፣ የፊቱን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ችግር የለውም። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ መቀመጫው ከሄደ መልሱን አገኘኸው። ካልሄደ ብዙውን ጊዜ ጎማው ነፃ ወጣ ማለት ነው፣ ፍለጋው ይቀጥላል። ስትመልሰው የጎማውን ዳዶዎች በመስቀል አጥብቅ፣ አንዱን ካጠበቅክ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን። ትንሽ ነድተህ እንደገና ፈትሻቸው። የቸርኬው የብሎን ቀዳዳ ከክብነት ወጥቶ ሞላላ ከሆነ ቸርኬው አበቃለት፣ አታድነውም። ቸርኬው ከካርቱ ጋር ያልመጣ፣ በኋላ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ዳዶዎቹ ቀዳዳው ላይ በልክ መቀመጣቸውን እይ። ሌላ ዓይነት ዳዶ ቸርኬውን መሃል ላይ አያስቀምጠውም።

ስለ ባላንስ፣ ማለትም የጎማውን ክብደት ዙሪያውን እኩል ስለ ማድረግ፣ ብዙ ሰው ይጽፋል። እውነቱን ለመናገር በፋብሪካ ፍጥነቱ ለሚሄድ ካርት የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ አይደለም። ያልተስተካከለ ክብደት የሚፈጥረው ኃይል ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር በ4 እጥፍ ነው የሚጨምረው። ካርትህ ተነካክቶ 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ባላንስ ያስፈልግሃል። በ20 ግን መጀመሪያ ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ መኖሩን እይ። አንድ ጊዜ እፍኝ የሚያህል ጭቃ ነቅዬ ብቻ ሰው ያመሰገነኝ አጋጣሚ አለ።

አሁን ከፊት በኩል አንሳው። ቁልፉን አውጣ፣ ከመቀመጫው ስር «ቶው» (መጎተቻ) እና «ረን» (መንጃ) የሚል ማብሪያ ካለው ወደ «ቶው» አድርገው፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያዝ። ክሪክ ብቻውን ካርት አይሸከምም፣ ሻንሲው ስር ጠንካራ መደገፊያ አስገባ። ከዚያ አንድ እርሳስ የማይነቃነቅ ነገር ላይ አስረህ ጫፉን ወደ ቸርኬው ጠርዝ አስጠጋና ጎማውን በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር። ክፍተቱ እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ ቸርኬው ተጣሟል። ቸርኬው ደህና ሆኖ ጎማው ብቻ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ በትክክል አልተቀመጠም ወይም ውስጡ ተበላሽቷል።

ሳታወርደው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ከተላወሰ ወይ ኩሽኔታው ወይ የፔርኖው (መሪ ሲዞር የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ) ቦኮላ ነው። መኪና ላይ ይህንን ለመለየት ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ይደረጋል፣ ጎልፍ ካርት ላይ ግን ብዙዎቹ ፍሬናቸው ከኋላ ብቻ ስለሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም። ይልቅ ሌላ ሰው ይነቅንቅልህ፣ አንተ ከጎማው ጀርባ ተመልከት። ጎማው እየተላወሰ የያዘው ብረት ዝም ካለ ኩሽኔታው ነው። ብረቱም አብሮ ከሄደ ፔርኖውና ቦኮላው። ቀጥሎ ግራና ቀኙን ይዘህ ነቅንቅ፣ ያኔ የሚላወሰው ቴስቲና ወይም የመሪው ሳጥን ነው። ለቴስቲናው ጣትህን መገጣጠሚያው ላይ አድርግ፣ ልቅ ከሆነ ቶክ ቶክ ሲል ይሰማሃል። መካኒክህ ይህንን ሳያደርግ «ይቀየር» ካለህ የነገረህ ግምቱን ነው።

ቴስቲና ከተነካ ደግሞ የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ መለካት አለበት። ብዙ ቦታ የሚረሳው ይህ ነው። በጎማዎቹ የፊት ጠርዝ መካከል ያለውን ርቀት፣ ከዚያም በጎማዎቹ የኋላ ጠርዝ መካከል ያለውን በአንድ ቁመት ለካ። የፊቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ጠበብ ማለት አለበት። ፊቱ ከሰፋ ካርቱ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም፣ መሪውን ሳታርፍ ታርመዋለህ፣ ጎማውም ቶሎ ይበላል። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ከፍ እንዲል የተደረገ ካርት ላይ ይህ ነገር ይባባሳል።

ከፊት ምንም ካልተገኘ ወደ ኋላ። የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት አንስተህ በእጅ አዙራቸው። ጎማ አውልቀህም የፍሬኑ ታምቡርና የብሎኖቹ መቀመጫ ራሱ የሚወላገድ ከሆነ አክስሉ ተጣሟል። የባሌስትራው (ካርቱን የሚሸከመው ንብርብር ብረት) ቦኮላዎችና አክስሉን ባሌስትራው ላይ የሚያስሩት ዩ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች ከላሉ ካርቱ ከኋላ እንደ ዓሣ ጅራት ወዲያ ወዲህ ይላል። ፍሬን ስትይዝ ብቻ የሚመታ ከሆነ ነገሩ ታምቡሩ ነው፣ መሪውን ተወው። ኤሌክትሪክ ካርት ከኋላ ተነስቶ እያለ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው እንዳትረግጥ አደራ። አንዳንዶቹ ሞተሮች፣ በተለይ ሲሪስ (series) የሚባሉት፣ ጭነት ሲያጡ ከልክ በላይ ፈጥነው ራሳቸውን ይጎዳሉ።

የሚነዝር ከሆነ፣ ፔዳል ስትረግጥ ጨምሮ ስትለቅ የሚቀንስ ከሆነ፣ የሞተሩን ማሰሪያ ብሎኖች እይ። ሌላም አለ። ብዙ ካርቶች ላይ የሞተሩ ጥርስና የካምቢዮው ዘንግ በሚገናኙበት ቦታ አንዲት ትንሽ ጎማ ትቀመጣለች። ሞተር ወርዶ ሲመለስ እሷ ትረሳለች። አንድ ጎረቤቴ የገዛው ካርት እንዲህ ነበር፣ ያለ እሷ ጥርስ ለጥርስ ሲፋጭ ወራት ቆይቶ ጥርሱ ተበልቶ አገኘነው። እና «ኒውትራል አድርገህ አስኪደው፣ ከጠፋ ሞተሩ ነው» የሚሉህን አትስማ፣ በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ካርት ኒውትራል ማለት ኤሌክትሪኩ ተቋረጠ ማለት ብቻ ነው፣ ሞተሩ ከጎማው ጋር መዞሩን ይቀጥላል። የቤንዚን ካርት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ ቺንጋውን እልህ ነበር። ያንተ ስላልሆነ አልገባበትም።

ባትሪዎቹንም ነቅንቃቸው። የ48 ቮልት ካርት ብዙ ጊዜ 6 ባለ 8 ቮልት ባትሪ አለው፣ እያንዳንዱ 28 ኪሎ ገደማ። 170 ኪሎ የሚጠጋ ነገር ማሰሪያው ላልቶ ከመቀመጫህ ስር ሲዘል ወለሉ ቢንቀጠቀጥ አይገርምም። ማሰሪያውን ስታጠብቅ ግን የብረት መፍቻህ ሁለት የባትሪ ጫፎችን አንድ ላይ እንዳይነካ ተጠንቀቅ።

አንድ ነገር በቁም ነገር እለምንሃለሁ። ጎማ ላይ እብጠት፣ የተሰበረ የጎማ ብሎን፣ ስትነቅነቀው በግልጽ የሚላወስ ጎማ፣ ወይም የተሰነጠቀ የመሪ ዘንግ ካየህ እስኪሠራ ድረስ አትንዳው። ካርት በር የለውም፣ ብዙዎቹም ቀበቶ የላቸውም። ልጆች ደግሞ ከኋላ መቀመጥ ይወዳሉ።

ለአሁኑ ንፋሱን አስተካክልና ጎማዎቹን አቀያይር፣ ከሁለቱ በቀር ምንም አትንካ። መንቀጥቀጡ ወዴት እንደሄደ እዚሁ ስር ጻፍልኝ፣ የአራቱንም ጎማ የዲኦቲ ቁጥር ጨምርበት። ካልሄደ ከፊት አንስተህ ያየኸውን ንገረኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።