ዲያፎኒ፦ የሚጎረብጥ ድምፅ ወይስ የሁለት ድምፅ ዜማ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ስለ መካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃ የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ «ዲያፎኒ» የሚል ቃል ላይ ተያዝኩ። አንዱ መዝገበ ቃላት የማይስማማ ድምፅ ነው ይላል። ሌላው ሁለት ድምፅ አንድ ላይ የሚዜምበት ስልት ነው ይላል። የቱን ልመን? «ከቅኝት የወጣ» ብዬ ልለፈውስ?

መልስ፦ ሁለቱንም እመን። «ከቅኝት የወጣ»ን ግን ተወው፤ ምክንያቱን እነግርሃለሁ።

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው። «ዲያ» እዚህ መለያየትን ያሳያል፣ «ፎኔ» ደግሞ ድምፅ ነው። ግሪኮቹ የ«ሲምፎኒያ» ተቃራኒ አድርገው ነበር የሚይዙት። ሲምፎኒያ ያኔ የኦርኬስትራ ድርሰት ሳይሆን የድምፆች መስማማት ማለት ነበር። ከሙዚቃም ውጭ ይሠራበት ነበር፤ ተጠራጣሪዎቹ ፈላስፎች ሊቃውንት በአንድ ነገር ላይ ተከራክረው መቋጫ ሲያጡ ያንን ልዩነት ዲያፎኒያ ይሉትና፣ እንግዲህ እኛም ፍርዳችንን እናቆየው ይሉ ነበር። በላቲን የጻፈው ጳጳሱ የሴቪልያው ኢሲዶርም (የሞተው እ.ኤ.አ. በ636 ነው) ቃሉን የሚያውቀው ለጆሮ በማይጥም፣ እርስ በርሱ በማይገጥም ድምፅ ነው።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን «ሙዚካ ኤንኪሪያዲስ» የሚባለው የማስተማሪያ ጽሑፍ ዲያፎኒያን የኦርጋኑም ሌላ ስም አደረገው። ኦርጋኑም ማለት አንዱ ዘማሪ ዜማውን ሲይዝ ሌላው በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ርቀት (ከዜማው ድምፅ ጀምሮ ሲቆጠር አራተኛ ወይም አምስተኛ በሆነው ድምፅ) እየተከተለ የሚያዜምበት ስልት ነው። እና ቃሉ መጥፎ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሊሰማ የሚገባው ጥሩ ድምፅ ሆነ! የሙዚቃ መምህሩ የአሬዞው ጊዶ እ.ኤ.አ. በ1026 ገደማ ሁለቱን ፍቺ ሊያስታርቅ የፈለገ ይመስላል፦ የተለያዩት ድምፆች እየተስማሙ ይለያያሉ፣ እየተለያዩም ይስማማሉ ይላል። እኔ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትተረጉመው ጽሑፍ ስለ የትኛው ዘመን እንደሚያወራ እይ። ስለ ግሪኮች ወይም ስለ ኢሲዶር ከሆነ አለመስማማት ነው። ከ9ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ ስላሉት ዘማሪዎች ከሆነ የሁለት ድምፅ ዜማ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

አሁን ወደ «ከቅኝት የወጣ» እንምጣ። ይህ ስሕተትን ነው የሚናገረው። ክሩ ላልቷል፣ ወይም ዘፋኙ ስቷል ማለት ነው። ዲሶናንስ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆች አለመስማማት፣ ግን ፒያኖው ፍጹም ተቃኝቶም አለ። ዶን፣ ፋንና ሶልን አንድ ላይ ተጫን። ፋና ሶል ይፋተጋሉ፣ ጆሮህ አንድ ነገር ይጠብቃል። ጣትህን ከፋ ወደ ሚ አውርደው፤ እፎይ። አቀናባሪው ያንን መፋተግ ያመጣው አውቆ ነው፣ ለዚያች «እፎይ» ሲል።

የመፋተጉ መንስኤ ደግሞ ምሥጢር አይደለም። በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገበውን ላ እና ከጎኑ ያለውን 466 አካባቢ የሚርገበገበውን ጥቁር ቁልፍ አብረህ ብትመታ፣ የድምፁ ኃይል በሰከንድ 26 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። ጆሮ ይህንን የሚሰማው እንደ ሻካራነት ነው። ሄልምሆልትስ የሚባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1863 ነገሩን ያብራራው በዚሁ መንገድ ነው። ለዚህ ነው እኔ ለዲሶናንስ «ጎርባጭ ድምፅ» የሚለውን የምመርጠው። «ለጆሮ ይጎረብጣል» ስንል ማንም ይገባዋል፣ ስሕተት ነውም አላልንም።

ዲሶናንስን «ኢኅብር» የሚሉም አሉ። በ«ኢሰብአዊ» ልክ የተበጀ ነው፣ ሲያዩት ያምራል። ግን «ኢ» በዛሬው አማርኛ ቅጽል ላይ ነው የሚመቸው፣ ባይሆን «ኢኅብራዊ» ይሻላል። ዋናው ችግር ደግሞ ሌላ ነው፦ ጎርባጩም ድምፅ የኅብር፣ ማለትም አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች ጥምረት፣ አካል ነው። ከላይ ያየኸው ዶ-ፋ-ሶል ራሱ ኅብር ነው፤ «ኢ» ብለህ ከኅብር ውጭ ልታደርገው አትችልም። (ሆሄው በብዙኃኑ ኀ ነው፣ ኀበረ ማለት አንድ ላይ ሆነ ከሚለው። በሐመሩ ሐ ከጻፍከው ቀለም ይሆናል፣ የሙዚቃ ጽሑፍ ላይ ሲምታታ በጣም ያናድደኛል።)

አጻጻፉን በተመለከተ፣ ለግሪክና ለላቲኑ ጽሑፍ «ዲያፎኒያ»፣ ለዘመኑ የሙዚቃ አጠራር «ዲያፎኒ» ብትል አትሳሳትም። መጀመሪያ ሲመጣ «ዲያፎኒያ፣ ማለትም በሁለት ድምፅ የሚዜም ዜማ» ብለህ ፍታው፣ ከዚያ በኋላ ብቻውን ይሂድ። ስለ ዛሬ ሙዚቃ ስትጽፍ ግን አታምጣው፤ «ጎርባጭ» ወይም ባለሙያ አንባቢ ካለህ «ዲሶናንስ» ይበቃል። ሥነ ልቦናው ውስጥ ያለው፣ ሰው የሚያምነውና የሚያደርገው ሲጣላበት የሚሰማው «ኮግኒቲቭ ዲሶናንስ» ደግሞ ከዲያፎኒ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ እዚያ እንዳትወስደው።