ከ5 ኮከብ ወይስ ከ10? በአባላት ድምፅ ለሚሰጥ የጌም ሽልማት የነጥብ አሰጣጥ ስለመምረጥ

ጥያቄያችሁ በአጭሩ ይህ ነው፦ የቡድናችሁ አባላት በትርፍ ጊዜያቸው ለሠሯቸው ጌሞች በዓመት አንድ ጊዜ ሽልማት ሊሰጥ ታስቧል፤ አሸናፊውን የሚለየው የዳኞች ኮሚቴ ሳይሆን የአባላት ድምፅ ነው፤ ታዲያ ነጥቡ ከ5 ኮከብ ይሁን፣ ከ10፣ ከ100፣ ወይስ «ወደድኩት» እና «አልወደድኩትም» ብቻ ይበቃል? እንዲህ ባሉ ውድድሮች ለዓመታት ድምፅ ስሰጥና ቆጠራውንም ሳግዝ ስለቆየሁ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። የእኔ ምርጫ ከ10 ነው። ይሁን እንጂ ከቁጥሩ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱም አንድ ድምፅ ሰጪ ከቀረቡት ጌሞች መካከል ስንቱን በእርግጥ ይጫወታል የሚለው ነው።

የቀረቡት ጌሞች ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ከሆኑና እያንዳንዱ አባል ሁሉንም መጫወት ከቻለ ነጥብ መስጠቱ ራሱ አያስፈልግም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይሻላል። የሳይንስ ልቦለድ አፍቃሪዎች የሚሰጡት የሁጎ ሽልማት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የጌም ዘርፍም የነበረው፣ በመጨረሻው ዙር የሚጠቀመው ይህንኑ መንገድ ነው። ከግማሽ በላይ የመጀመሪያ ምርጫ ያገኘ ከሌለ፣ ዝቅተኛውን ድምፅ ያገኘው ይወጣና የመረጡት ሰዎች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዛወራል። «ማንም አይሸለም» የሚል አማራጭም በድምፅ መስጫው ላይ አለ።

ጌሞቹ ሠላሳ ወይም አርባ ከሆኑ ግን ሁሉንም የሚጫወት ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ያልተጫወቱትን ደግሞ በተራ ማስቀመጥ አይቻልም። ነጥብ አስፈላጊ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ የምጠቅሰው ምሳሌ አይኤፍኮምፕ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚካሄደው የጽሑፍ ጌሞች ዓመታዊ ውድድር ነው። ድምፅ ሰጪዎቹ ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጡ ተራ ተጫዋቾች ናቸው፤ ድምፃቸው እንዲቆጠር ቢያንስ አምስት ጌሞችን መመዘን አለባቸው፤ የሚሰጡት ነጥብም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ጨዋታ ላይ የተመሠረተ ነው። አምስት የሚለው ዝቅተኛ ቁጥር ቀላል ቢመስልም ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ የጓደኛውን ጌም ብቻ ከፍቶ 10 ሰጥቶ የሚሄደውን ሰው ያስቀራል። ውድድሩ ለየተጫዋቹ የተቀያየረ ዝርዝርም ያዘጋጃል። ይህ ባይኖር ሁሉም ከላይ ስለሚጀምር ታች ያሉት ጌሞች ድምፅ ሳያገኙ ይቀሩ ነበር። የእናንተም ድምፅ መስጫ ይህን ቢያደርግ ሌላም ጥቅም አለው፤ እጀ ጠባቡና ለጋሱ ነጥብ ሰጪ በየጌሞቹ ላይ ተደባልቀው ስለሚደርሱ፣ አንድ ጌም በእጀ ጠባቦች ብቻ ተመዝኖ የመውደቁ ዕድል ይቀንሳል።

አምስት ኮከብን የማልመክረው ድምፁ ወደ ላይ ስለሚታጨቅ ነው። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሚሰጡት ደረጃዎች እጅግ አብዛኛው አምስት ኮከብ እንደሆነ በይፋ ጽፎ በቀጣዩ ዓመት ኮከቡን ትቶታል። በእኛ ዘንድ ችግሩ ይብሳል። ከ100 ታርመን፣ 50 ማለፊያ መሆኑን እያወቅን ስላደግን፣ ከአምስት ሁለት ኮከብ መስጠት የሰውን ልጅ «ወደቅህ» ማለት ሆኖ ይሰማናል፤ ሠሪውን በስም በምናውቅበት ቡድን ውስጥማ ማን ይደፍራል? ስለዚህ በተግባር የሚቀሩት ሦስት፣ አራትና አምስት ናቸው። ከ10 ሲሆንም ሰዉ ከ5 በታች መውረድ አይወድም፣ ነገር ግን ከ6 እስከ 10 ባለው ውስጥ እንኳ ጥሩውን ከመልካም፣ መልካሙን ከግሩም መለየት ይቻላል።

ቁጥሩን ብቻውን ማቅረብ ግን አይበቃም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ በቃላት መጻፍ አለበት፤ ቃላቱም ስለ ጌሙ ጥራት ሳይሆን ተጫዋቹ ስለሚያደርገው ነገር ቢሆኑ ይመረጣል። ቦርድጌምጊክ የተባለው የቦርድ ጌም ተጫዋቾች ድረ ገጽ ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች ጌሙን እንደገና ለመጫወት ካለ ፍላጎት ጋር ማያያዙ ትክክል ይመስለኛል። ለእናንተ እንዲህ ልጽፈው እችላለሁ፦ 10 ማለት ለማንም ሰው ሳላመነታ «ተጫወተው» የምለው፣ 8 ጨርሼው ዳግመኛ የምጀምረው፣ 6 በመጫወቴ የማልቆጭ ግን ድጋሚ የማልከፍተው፣ 4 ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ጉድለቱ ያስቆመኝ፣ 2 ለመጫወት ያልተቻለኝ። ጎዶሎዎቹ ቁጥሮች በመካከል ላመነታ ሰው ይተዉ። እንዲህ ሲሆን 4 የሰጠ ሰው ሠሪውን እንደሰደበ አይቆጠርም፤ ምን እንደሆነበት ተናገረ እንጂ።

«አልተጫወትኩትም» የሚለው ለብቻው ይቀመጥ፤ በምንም መልኩ እንደ 0 ወይም እንደ 1 አይቆጠር። ስልኩ ላይ አልከፈትልኝ ያለው ሰውም ይህንኑ ይምረጥና ምክንያቱን ለሠሪው ይጻፍለት።

አሁን ወደ አማካዩ ልምጣ፤ ብዙ ቅሬታ የሚነሳው ከዚህ ነው። አንድ ጌም አራት ድምፅ ብቻ አግኝቶ 10፣ 10፣ 9 እና 9 ቢሰጠው አማካዩ 9.5 ነው። ሌላው 40 ድምፅ አግኝቶ አማካዩ 8.3 ቢሆን፣ በተራ ስሌት የመጀመሪያው ያሸንፋል፤ ያሸነፈው ግን በአራት ወዳጆች ነው። መፍትሔው ለሁሉም ጌሞች እኩል፣ ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 6 የሆኑ አሥር ምናባዊ ድምፆችን መጨመር ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያው 98 ነጥብ ለ14 ተካፍሎ 7.0 ይሆናል፤ ሁለተኛው 392 ለ50 ተካፍሎ 7.84 ይይዛል። ቦርድጌምጊክም ደረጃ ሲያወጣ ተመሳሳይ ዘዴ ይጠቀማል። ሉደም ዴር የተባለው የጌም ሥራ ውድድር ግን ደረጃ ለመያዝ ቢያንስ 20 ድምፅ ይጠይቃል። በትንሽ ቡድን ውስጥ እንዲህ ያለ ገደብ ብዙ ጌሞችን ከውድድር ስለሚያስወጣ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ከ100 የሚለውን ተዉት፤ 73ን ከ74 የሚለይ ሰው የለም። «ወደድኩት» እና «አልወደድኩትም» ደግሞ ብዙ ሺህ ሕዝብ ለሚመዝነው ነገር ይሆናል፤ በሠላሳ ሰው ቡድን ውስጥ ግን ግማሾቹ ጌሞች እኩል ይወጣሉ።

አማካይ የሚሸፍነው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሁሉም 7 የሰጡት ጌምና ግማሹ 10፣ ግማሹ 4 የሰጡት ጌም አማካያቸው አንድ ነው፤ ሁለተኛውን የሠራው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያልተሞከረ ነገር የሞከረ ነው። አይኤፍኮምፕ ነጥቡ እጅግ ለተራራቀበት ጌም «የጠብ ወርቃማ ሙዝ» የሚባል መደበኛ ያልሆነ ሽልማት አለው፤ እናንተም ለዚህ አንድ ቦታ ብታዘጋጁ በጣም ደስ ይለኛል፤ ከ10 ነጥብ ስትሰበስቡ ስሌቱ ከእጃችሁ ይገኛልና።

ሠሪዎች የራሳቸውን ጌም አይመዝኑ፣ የሌሎችን ግን ይመዝኑ፤ ከሁሉም በትጋት የሚጫወቱት እነሱ ናቸው። ስሌቱ፣ ዝቅተኛው የጌም ቁጥርና እኩል ነጥብ ሲመጣ የሚሠራበት ደንብ (እኔ ብዙ 10 ያገኘው ይቅደም እላለሁ) ድምፅ መስጠቱ ከመከፈቱ በፊት ይለጠፉ፤ ውጤቱ ሲወጣም ከአማካዩ ጋር እያንዳንዱ ነጥብ ስንት ጊዜ እንደተሰጠ ለየሠሪው ይላክለት።