ባሌ የአሜሪካ ወታደር ነው፤ በእሱ የትምህርት ጥቅም አዳማ መማር እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ከገባ 4 ዓመት ከ3 ወር ሆነው። እኔና የ3 ዓመት ልጃችን አዳማ ነን፤ ቪዛችን ገና ነው። የትምህርት ጥቅሙን ለቤተሰብ ማስተላለፍ ይቻላል ሲባል ሰማሁ። እዚሁ ዲግሪዬን ልማርበት? ታናሽ ወንድሙስ ይደርሰዋል? ባለቤቴ ኮንትራቱ ሊያልቅ ስለሆነ ‹ልውጣ› እያለ ነው።
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህታችን፣ ባለቤትዎ ለመውጣት ከመወሰናቸው በፊት ይህን ያንብቡላቸው። ጥቅሙ ‹ፖስት ናይን ኢለቨን ጂአይ ቢል› ይባላል። 36 ወር በሙሉ ጊዜ ያገለገለ ወታደር መቶ በመቶ ስለሚያገኘው ለራሳቸው ሙሉ መብት አላቸው። ማስተላለፉ ግን ሌላ ነው፦ 6 ዓመት አገልግለው፣ ተጨማሪ 4 ዓመት ለማገልገል ተስማምተው፣ ጥያቄውን ዩኒፎርም ሳያወልቁ ማቅረብ አለባቸው። ዛሬ ከወጡ ዕድሉ ያመልጣችኋል። አስተላልፈው 4ቱን ዓመት ሳይጨርሱ በፈቃዳቸው ቢወጡ ደግሞ የተማራችሁበት ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ይመጣል።

ወንድም አይካተትም፤ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ብቻ ነው።

የሚተላለፈው ቢበዛ 36 ወር ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በክፍፍሉ ነው፤ ሁሉንም ለሚስት ሰጥቶ ልጅን ይረሳል። ለልጃችሁም ቢያንስ 1 ወር ይመደብላት። ከጦሩ ከተወጣ በኋላ ወሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል፤ ያልተመዘገበ ሰው መጨመር ግን አይቻልም።

ወረቀቱን ግን ከአሁኑ ይጀምሩ። እርስዎም ልጅዎም ‹ዲርስ› በተባለው የጦሩ የቤተሰብ መዝገብ ላይ መግባት አለባችሁ። የጋብቻና የልደት ሰርተፊኬት እንግሊዝኛ ካልሆነ በተረጋገጠ ትርጉም ያያይዙ። ፊደል በፊደል ያመሳክሩት፤ ‹ሐና› በፓስፖርቱ በሁለት ‹ኤን›፣ በጋብቻው በአንድ ‹ኤን› ከተጻፈ ሌላ ሰው ልትመስል ትችላለች። የልደት ዓመትዎ ‹1988› በእኛ አቆጣጠር ሆኖ ተርጓሚው ካልለወጠው ዕድሜዎ ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨመራል።

አዳማ መማርን በተመለከተ፣ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ተቋም ዲግሪ የሚሰጥና ፕሮግራሙ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) የጸደቀ መሆን አለበት። በቪኤ ድረ ገጽ ላይ ባለው የትምህርት ቤቶች ማነጻጸሪያ ይፈልጉት። ከሌለ ማመልከት ያለበት ተቋሙ ነው፤ ‹በኋላ ይመለስልኛል› ብለው ከኪስዎ አይክፈሉ። ካለ፣ ዝውውሩ ሲፈቀድ ቅጽ 22-1990ኢ ሞልተው የብቁነት ማረጋገጫውን ለሬጅስትራር ይሰጣሉ። የትምህርት ክፍያው በቀጥታ ለተቋሙ ይሄዳል። ለመጻሕፍት በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ያገኛሉ፤ የቤት ኪራይ ድጎማው ግን እሳቸው በአገልግሎት ላይ እስካሉ ድረስ ለሚስት አይከፈልም። ስለዚህ በጀት ሲያወጡ ድጎማውን አያስቡት።

እሳቸውም መማር ከፈለጉ 36 ወሩን አይንኩ። በአገልግሎት ላይ ላለ ወታደር ‹ቱይሽን አሲስታንስ› የሚባል ሌላ ድጋፍ አለ፤ ለአንድ ክሬዲት ሰዓት እስከ 250 ዶላር ይከፍላል። ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት ካልጸደቀ ግን ሒሳቡ በራሳቸው ላይ ይወድቃል።