ጥልፍ እንጀራ ሲሆን፣ ተመልሶ ጥልፍ ሲሆን

እህቴ፣ ባንክ እየሠራሽ ማታ ማታ ቀሚስ እንደምትጠልፊ ጽፈሻል። ጓደኞችሽ «ልቀቂና በዚሁ ኑሪ» ይሉሻል። ልልቀቅ ወይስ ይቅርብኝ ነው ጥያቄሽ። እኔ ለቅቄ አይቼዋለሁ። ሦስት ዓመት ኖሬበት ተመልሼ ሒሳብ ክፍል ገብቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ጥልፍ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። የሠራሁትን ሳሳያት ፊቱን አታይም ነበር። ገልብጣ ጀርባውን ነው የምታየው። ክሩ ከአበባ ወደ አበባ ከዘለለ፣ ቋጠሮ ከበዛ፣ «ፍቺው» ትለኛለች። እፈታለሁ። ጥልፍን ያስወደደኝ ይሄ ማንም የማያየው ጀርባ ነው።

2011 ላይ ሥራዬን ለቀቅኩ። ጅማሬው ደስ ይል ነበር። ከሽሮ ሜዳ ጨርቅ ገዝተው የሚያመጡልኝ ደንበኞች አገኘሁ። ከዚያ ታኅሣሥ ገባ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለኔ የማስረከቢያ ቀን ሆነብኝ። ጥር 11 ማንንም አይጠብቅም። ጥምቀት ሲያልፍ ሰርግ ነው፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሚዜ በሚዜ ላይ ይመጣል። ከዚያ 55 ቀን ጭር። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ግርግር፣ ክረምት ሲገባ እንደገና ጭር። ኪራይ ግን በየወሩ ነው።

አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የአንድ ቀሚስ ደረቱንና ዘርፉን በእጅ ጠልፎ ለመጨረስ ወደ 60 ሰዓት ይፈጅብኛል። የምቀበለው የእጅ ዋጋ 4,500 ብር ነበር። በሰዓት 75 ብር ማለት ነው። ከዚያ ላይ ክር አለ፣ ኪራይ አለ፣ «ቀንሺልኝ እንጂ» የምትል ዘመድ አለች። በመኪና የሚጠልፉት ያንኑ በሁለት ቀን ያደርሱታል።

እኔም መኪና ገዛሁ። ነገሩ የተበላሸብኝ እዚህ ጋ ነው። የመኪና ጥልፍ ጥሩ ባለሙያ ካገኘ ያምራል፣ አልዋሽሽም። እኔ የምወደው ግን በእጄ መሥራቱን ነበር። ደንበኛዋ ስልኳን ታወጣና «ልክ እንደዚህ አድርጊልኝ» ትላለች። የሰው ንድፍ ለ8 ሚዜ ስደግም እውላለሁ። አንድ ማታ የጨረስኩትን ቀሚስ ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። እናቴ ብታየው «ፍቺው» የምትለው ዓይነት ነበር። ሰርጉ ሁለት ቀን ቀርቶታል። አልፈታሁትም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

2014 ላይ ወደ ቅጥር ተመለስኩ። ሰው «አልሆነላትም» አለ፤ ከፍቶኛል። አንድ ዓመት ሙሉ መርፌ አልነካሁም። ከዚያ የእህቴ ልጅ ተወለደች። ለክርስትናዋ ትንሽ ቀሚስ ልጥለፍላት ብዬ ተነሳሁ። ሴት ስለሆነች 80 ቀን ነበረኝ። ዳር ዳሩን በነጭ ላይ ነጭ ክር ጠለፍኩት፣ ቀረብ ብለው ካላዩት የማይታይ። ሁለት ጊዜ ፈታሁት። እየፈታሁ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን በዓመት 2 ወይም 3 ቀሚስ እቀበላለሁ። ንድፉን የማወጣው እኔ ነኝ፣ ቀኑንም የምቆርጠው እኔ ነኝ። ቀብድ ሳልይዝ ክር አልገዛም፤ ይህንን ያስተማረኝ ንግዱ ነው። ደሞዝ ስላለኝ «አይሆንም» ማለት እችላለሁ። ለኔ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው።

ስለዚህ አሁን አትልቀቂ። ከጥምቀት እስከ ጥምቀት፣ ዙሩን ሙሉ፣ ባንክ ሆነሽ ትዕዛዝ ተቀበዪ። ጭር የሚሉትን ወራት በዓይንሽ እያቸው። ልብሽ መሸጡን ከወደደ፣ ደንበኛ ማግባባቱንም፣ ሰው ቀጥሮ ማሠራቱንም ከወደደ፣ ያኔ ግቢበት፤ የሚያዋጣቸው ሴቶች አውቃለሁ። ልብሽ መርፌውን ብቻ ከወደደ ግን ቆም ብለሽ አስቢበት።

አሁን የያዝሽው ቀሚስ ላይ ከዛሬ ጀምሮ ሰዓት መዝግቢ። ስትጨርሺ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ዋጋውን አብረን እናወጣዋለን።