መርፌውን ከተወጉ በኋላ አባትሽን አታናግሪያቸው

እህቴ፣ «አባቴ የማንቁርት ካንሰር እንዳለባቸው በናሙና ተረጋግጧል፤ ለፔት ስካን (ካንሰሩ የት የት እንዳለ ለሚያሳየው ምስል) ዴልሂ ልንሄድ ነው፣ ምን ልዘጋጅ?» ብለሻል። እኔም አባቴን ይዤ እዚያው ሄጄ ነበር።

1. ስኳር ካለባቸው ቀጠሮ ስታስይዢ ተናገሪ። የሚወጉት መድኃኒት ራሱ ጨረር ያለበት የስኳር ዓይነት ነው። ካንሰሩ ስኳሩን ስለሚሻማ ምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል። የደም ስኳራቸው ከ200 ካለፈ ብዙ ቦታ ይመልሷችኋል። ቢያንስ ለ6 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አይቅመሱ።

2. ዝምታ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ከመርፌው በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ተኝቶ መጠበቅ አለ። ሪሰፕሽኗን «የምንጠነቀቀው ነገር አለ?» አልኳት። ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ ወረቀት ወረወረችልኝ፤ «እዚያ ላይ አለ» አለች። ሳላነበው ፈረምኩ። አባቴ ብቻቸውን እንዳይከፋቸው ብዬ ስልክ ሰጠኋቸው። እናቴ፣ እህቶቼ፣ ጎረቤት ሳይቀር ከአዲስ አበባ ተራ በተራ አወሯቸው።

ለካ ሲያወሩ የድምፅ ጡንቻም ስኳሩን ይወስዳል! እጢው በግራ በኩል ነበር፤ ምስሉ ላይ ግን ቀኙም በራ። የታመመው ጎን ሲደክም ጤነኛው ጎን የሱንም ሥራ ደርቦ ይሠራል አሉን። ሐኪሙ ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም። እንደገና ማደንዘዣ፣ እንደገና ናሙና። ለ11 ቀን ተጨማሪ የቤት ኪራይ ከፈልን። ውጤቱ ንጹህ ሆኖ መጣ። አባቴ ግን እነዚያን ሌሊቶች አልተኙም።

ፔቱን ግን እንዳትተዪው። ሲቲ ስካኑ ላይ ተራ ነው ተብሎ የታለፈውን የአንገት ንፍፊት ያሳየን እሱ ነው። የጨረር ሕክምናው ያን ጨምሮ ታቀደ።

3. ከጨረር ሕክምናው በኋላ በፔት እንደገና ለማየት አትቸኩሉ። ለእኛ 12 ሳምንት ጠብቁ ተባልን፤ ከዚያ በፊት የጨረሩ ቁስል ራሱ እየበራ ያደናግራል። በሁለተኛው ዙር ወረቀቱን ቃል በቃል አነበብኩ። ስልኬን አጠፋሁ፣ ማስቲካቸውንም ወሰድኩ። አባቴ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ገቡ። ሰዓቱን ሙሉ ትንፍሽ አላሉም። ደብተሩን አሁንም አስቀምጬዋለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልልቁ «ብርድ ልብስ ጨምሩልኝ በላቸው» ይላል።