ያልተሠራ ስክሪፕት ምን ይሆናል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መናፍስትና ምትሃት ያሉበትን ልብ ወለድ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ስክሪፕት ስትቀይሪ ቆይተሻል። አሁን ፕሮዲዩሰሩ «ለዚህ የሚሆን በጀት የለም» ብሎ ተወው። «ሁለት ዓመቴ ባከነ ማለት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽ። እኔም ደርሶብኛል። ከራሴ በፊት ግን የአንድ ጸሐፊ ታሪክ ልንገርሽ። በዚያ ሰሞን ብዕሬን እንዳልጥል ያደረገኝ የእሱ ታሪክ ነው።

ሮስፖ ፓለንበርግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1969 ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የተባለ፣ ስለ አንድ ምትሃተኛ ቀለበት የሚተርክ ልብ ወለድ ፊልም የማድረግ መብት ገዛ። ዳይሬክተሩ ጆን ቡርማን ወደ ኩባንያው ይዞ የሄደው ሌላ ሐሳብ ነበር፤ የንጉሥ አርተርና የአስማተኛው የመርሊን ታሪክ። ያንን አልፈለጉም። በምትኩ ቶልኪንን ሰጡት። ቡርማንና ፓለንበርግ አየርላንድ፣ ዊክሎው ውስጥ ባለው የቡርማን ቤት ተቀምጠው ጻፉ። ከሺህ ገጽ በላይ የሆነውን ታሪክ በ176 ገጽ፣ በአንድ ፊልም።

ምን እንዳደረጉ እይ። ስለ ቀለበቱ ጥንታዊ ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ረጅም ወግ አለ። ሰዎች ተቀምጠው ሲያወሩ ማሳየት ፊልም ይገድላል። ስለዚህ የጃፓኑን ካቡኪ በሚመስል ትያትር እንዲታይ አደረጉት። ሌላ ቦታ ደግሞ ድንኩ ጊምሊ የአያቶቹን የይለፍ ቃል እንዲያስታውስ ጉድጓድ ውስጥ ተከትቶ ይደበደባል። ይሄ መጽሐፉ ውስጥ የለም። እኔ በግሌ አልወደድኩትም። ግን የተረሳ ነገርን በአካል ለማሳየት ያደረጉት ሙከራ ነው፤ ድፍረቱን አከብራለሁ።

ስክሪፕቱ ኩባንያው ጋ ሲደርስ ሐሳቡን የደገፈው ኃላፊ ለቆ ሄዷል። ቡርማን እንደተናገረው ከቀሩት ውስጥ መጽሐፉን ያነበበ አልነበረም። ግራ ገባቸው። ገንዘብም አልነበራቸውም። ፊልሙ ቀረ። ቶልኪንም እ.ኤ.አ. በ1973 አረፈ።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1981 ሁለቱ «ኤክስካሊበር»ን ይዘው መጡ። ያ መጀመሪያ ተቀባይነት ያጣው የአርተርና የመርሊን ታሪክ ነው! እዚያው አየርላንድ ተቀረጸ። ለቶልኪን ሲዘጋጁ ያጠኑት የቀረጻ ዘዴና ያዩት ሎኬሽን እዚህ አገለገላቸው። ፓለንበርግ ከዚያ በኋላ በ1985 የወጣውን፣ አማዞን ደን ውስጥ የሚካሄደውን «ዘ ኤመራልድ ፎረስት» ጻፈ። በ1989 ደግሞ አንድ ፊልም ራሱ ዳይሬክት አደረገ። ሥራው በዚያ ባልተሠራ ፊልም አላበቃም።

ልብ በይ፣ የቶልኪንን ዋና ገጸ ባሕሪ ፍሮዶን ወይም ቀለበቱን ይዘው አልሄዱም። አይችሉምም፤ የሰው ንብረት ነው። ይዘው የሄዱት ሰፊ ተረትን በአንድ ፊልም መጨመቅን፣ ምትሃትን ካሜራ ፊት ማቆምን ነው። ያንን ባለቤት በሌለው በጥንት ታሪክ ላይ አዋሉት።

የእኔ ስክሪፕትም ከልብ ወለድ የመጣ ነበር፤ ስለ ሐይቅ መንፈስ። ደራሲው አረጋዊ ሰው ናቸው፤ ቡና እየጠጣን «ሥራው ልጄ» አሉኝ። ሠራሁት፣ 14 ወር። በመጨረሻ ፕሮዲዩሰሩ «መንፈሱን አውጣውና የፍቅር ኮሜዲ አድርገው» አለ። እምቢ አልኩ። ሌላ ፕሮዲዩሰር እስካገኝ ደራሲው አረፉ። ልጆቻቸው የጽሑፍ ፈቃድ ጠየቁኝ፤ አልነበረኝም። በጣም አዘንኩ፤ ግን መብታቸው ነው። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት ሲተላለፍም ሆነ ፈቃድ ሲሰጥ በጽሑፍ ይሁን ይላል። መብቱ ደራሲው ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል።

ምን ተረፈኝ? መንፈሱን በምስል ለማሳየት ገንዘብ እንደማይኖር ስለማውቅ በድምፅ ብቻ ለማምጣት ስንት ሌሊት ለፍቻለሁ። ውሻው መጮኹን ድንገት ያቆማል። ውሃው ይንቦጫረቃል። ሰውዬው ዞሮ ያያል፤ ካሜራው ግን ፊቱ ላይ ይቀራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ለአንድ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ሌሊት ሌባ የገባባትን ሴት ስጽፍ ይህንኑ ተጠቀምኩ። መንፈስም ሐይቅም የለም። ከጻፍኳቸው ክፍሎች ሁሉ ሰው እስካሁን የሚያነሳልኝ ያንን ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ስክሪፕትሽን አትሚውና ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ያዢ። ከልብ ወለዱ የመጣውን፣ ስሙን፣ ገጸ ባሕሪውን፣ ሴራውን፣ በቀይ አስምሪበት። አንቺ የፈጠርሽውን መፍትሔ በሰማያዊ። ቀዩን አስቀምጪው፤ ያለ ደራሲው ፈቃድ አትንኪው። ሰማያዊው የአንቺ ነው። እኔ ሳደርገው ከጠበቅኩት በላይ ሰማያዊ አገኘሁ። አያትሽ የነገሩሽ ተረት ካለ፣ ሰማያዊውን እዚያ ላይ ሞክሪው።

አንድ ነገር ግን አልነገርሽንም። ከደራሲው ጋር የተፈራረመው ማን ነው? አንቺ ነሽ ወይስ ፕሮዲዩሰሩ? እሱ ከሆነ ውሉን አውጥተሽ እይው፤ ፊልሙ በዚህን ያህል ጊዜ ካልተሠራ መብቱ ለደራሲው ይመለሳል የሚል አንቀጽ አለው? ካለ ቀኑን እዚህ ጻፊልኝ። ቀኑ ሲደርስ ደራሲውን በራስሽ ስም ማነጋገር ትችያለሽ፤ ያኔ ቀዩም ይመለስልሽ ይሆናል።